መተግበሪያው «ፀጥ ያለ ነው» ሲል ባቡሩ ለምን ሞልቶ ይመጣል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው በሰሜን ለንደን ሰቨን ሲስተርስ አካባቢ ሲሆን ሥራዬ ለንደን ብሪጅ አጠገብ ነው። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ረጅም ጊዜ መቆም አልችልም፤ ስለዚህ መጨናነቅን የሚነግሩ መተግበሪያዎችን ስልኬ ላይ ጭኜ በየጠዋቱ ሳላያቸው አልወጣም። ይሁንና ጣቢያው ፀጥ ያለ መሆኑን እያሳየኝ ባቡሩ መቆሚያ እንኳ ሳይኖረው ይመጣል። እነዚህ መሣሪያዎች መጨናነቁን የሚያውቁት በምንድን ነው? የትኛውንስ ልመን? አያት የሚኖረው ወንድሜም ለአዲስ አበባ ታክሲ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራ ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቃል።»

ምላሽ፦ መተግበሪያው እየዋሸዎት አይደለም። እርስዎ የሚጠይቁት ስለ ባቡሩ ነው፤ እሱ የሚመልስልዎ ግን ስለ ጣቢያው ነው። ትራንስፖርት ፎር ለንደን፣ በአጭሩ ቲኤፍኤል የሚባለው መሥሪያ ቤት በ2020 ያወጣው ቲኤፍኤል ጎ የተባለው መተግበሪያ ስለ አንድ ጣቢያ ሲጠየቅ የሚያሳየው፣ በዚያ ጣቢያ በየትኛው ሰዓት ሰው እንደሚበዛና በየትኛው እንደሚቀንስ ነው። በጠዋት በሰቨን ሲስተርስ በር የሚገባው ሰው ጥቂት ሊሆን ይችላል። የቪክቶሪያ መስመር ባቡር ግን እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው ከዋልተምስቶ ሴንትራል ተነሥቶ፣ ብላክሆርስ ሮድንና ቶተንሃም ሄልን ካለፈ በኋላ ነው፤ ቶተንሃም ሄል ደግሞ ከካምብሪጅ አቅጣጫና ከስታንስተድ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጡ የምድር ላይ ባቡሮች መንገደኞቻቸውን የሚያወርዱበት መለዋወጫ ጣቢያ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ጣቢያ በእውነትም ፀጥ ብሎ ሳለ ባቡሩ በሌሎች ጣቢያዎች ሰው ሞልቶ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይጣሉም። (የምጠቅሳቸው ዓመታትና ሰዓታት በሙሉ፣ ስለ አዲስ አበባ ከምጽፈው ክፍል በስተቀር፣ ስልክዎ እንደሚያሳይዎ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጨናነቅ የሚለካባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱም የማያየው ነገር አለው። ትልቁና የተለመደው መንገድ ካርድ ነው። ኦይስተር የተባለው የጉዞ መክፈያ ካርድ በ2003 ሥራ ከጀመረ፣ በባንክ ካርድ መክፈልም በ2012 መጨረሻ በአውቶብስ፣ በ2014 ደግሞ በባቡር ከተፈቀደ ወዲህ፣ በየጣቢያው በር በየደቂቃው ስንት ሰው እንደገባና ስንት ሰው እንደወጣ መሥሪያ ቤቱ አጥርቶ ያውቃል። ይሁን እንጂ በሩ የሚመዘግበው መግቢያዎንና መውጫዎን ብቻ ነው። ከሰቨን ሲስተርስ ገብተው ለንደን ብሪጅ ሲወጡ፣ በመካከሉ በየትኛው ባቡር እንደተሳፈሩ፣ የመጀመሪያው ሞልቶ አልፎዎት እንደሆነ፣ ኪንግስ ክሮስ ላይ ወደ ኖርዘርን መስመር ይለወጡ ወይም በሌላ በኩል ይዙሩ ካርዱ አይናገርም፤ ያ ሁሉ በስሌት የሚሞላ ግምት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የስልክ ዋይፋይ ነው፤ ግምቱ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ያሳየውም በዚሁ መንገድ በ2016 የተደረገ ሙከራ ነው። ቲኤፍኤል ከኖቬምበር 21 እስከ ዲሴምበር 19 ባሉት አራት ሳምንታት፣ በ54 ጣቢያዎች ውስጥ የተሳፋሪዎች ስልኮች የጣቢያውን ዋይፋይ ሲፈልጉ የሚተዉትን ምልክት፣ የባለቤቱ ማንነት እንዳይታወቅ አድርጎ ሰበሰበ፤ ከ5.6 ሚሊዮን ስልኮችና መሰል መሣሪያዎች 42 ሚሊዮን ያህል ጉዞዎችን ለማየት ቻለ። ከኪንግስ ክሮስ ወደ ዋተርሉ የሚሄደው ሰው ቢያንስ በ18 የተለያዩ መንገዶች እንደሚጓዝ የታወቀው ያኔ ነው፤ 40 ከመቶ ያህሉ ሁሉም ሰው ይሄድባቸዋል ተብለው ከሚታሰቡት ከሁለቱ ዋና መንገዶች ውጭ ነበር። ከጁላይ 2019 ጀምሮም ይኸው ዓይነት መረጃ በቋሚነት መሰብሰብ ጀምሯል። እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ «ስልኬ እየተከታተለኝ ነው ማለት ነው?» ብሎ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ መሥሪያ ቤቱ በየጣቢያው ማስታወቂያ ለጥፎ ነው የጀመረው፣ ያልፈለገ ሰው ደግሞ የስልኩን ዋይፋይ ማጥፋት ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ የባቡሩ ክብደት ነው፤ እኔ ከሁሉም የማደንቀው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ከመነሻው ለመንገደኛ ምቾት ታስቦ የተሠራ አይደለም። የዘመናዊ ባቡር ፉርጎ የሚያርፈው በአየር በተሞሉ ከረጢቶች ላይ ሲሆን፣ ፉርጎው ሲሞላ የከረጢቱ ግፊት ይጨምራል። ባቡሩ ይህንን ግፊት የሚለካው ፍሬኑን ለመመጠን ነው፤ የሞላ ፉርጎ ከባዶው የበለጠ የፍሬን ኃይል ያስፈልገዋልና። መሐንዲሶች በኋላ ያንኑ ቁጥር ለአንድ ሰው በታሰበ አማካይ ክብደት አካፍለው የተሳፋሪ ብዛት አወጡበት። ስሕተት አለበት፤ ሻንጣ የያዘ መንገደኛ እንደ አንድ ተኩል ሰው ሊቆጠር ይችላል። ቢሆንም የሚናገረው ስለ ጣቢያው ሳይሆን ስለ ባቡሩ፣ ያውም ስለ እያንዳንዱ ፉርጎ ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉትም ይህንን ነው። ቴምስሊንክ የተባለው የምድር ላይ ባቡር አገልግሎት የሚያሠራቸው ክላስ 700 የተባሉት ባቡሮች በውስጣቸው ባለው ሰሌዳ ላይ የትኛው ፉርጎ እንደሞላና የትኛው ቦታ እንዳለው በዚሁ ዘዴ እየለኩ ያሳያሉ። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ፤ ለእርስዎ ጉዞ በቀጥታ ይጠቅማልና።

አራተኛው መንገድ ተሳፋሪውን ራሱን መጠየቅ ነው። ጉግል ማፕስ በጁን 2019 ወደ 200 በሚጠጉ ከተሞች የመጨናነቅ ትንበያ ሲጀምር፣ መነሻው ከኦክቶበር 2018 እስከ ጁን 2019 ድረስ በመተግበሪያው መንገዳቸውን ፈልገው የተጓዙ ሰዎች ስለ ጉዟቸው የሰጡት መልስ ነበር፤ «መቀመጫ ነበር ወይስ ቆመው ነው የሄዱት?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ለእርስዎም ደርሶዎት ሊሆን ይችላል። በኋላም አገልግሎቱ በ2021 በ100 አገሮች ከ10,000 በላይ የትራንስፖርት ድርጅቶችን እንዲሸፍን ተደረገ። ይህን ያህል የሰፋበት ምክንያት የማንንም በር፣ የማንንም ባቡር ሳይነካ መሥራት መቻሉ ነው። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግርዎት «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት እንዲህ መሆን የተለመደ ነው» ማለትን እንጂ አሁን እየመጣ ስላለው ባቡር አይደለም።

ስለዚህ ማንኛውንም እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲከፍቱ በልብዎ ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ የምትነግረኝ የጣቢያውን ነው፣ የባቡሩን ነው ወይስ የፉርጎውን? የምትነግረኝስ የተለመደውን ነው ወይስ የአሁኑን? ለሁለቱም መልስ ካላገኙ በስክሪኑ ላይ የሚያዩትን አረንጓዴ ቀለም ከመልካም ምኞት አያብልጡት።

የተለመደውን የሚነግረው መሣሪያ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ቀንዎን ለማቀድ ከሱ የተሻለ የለም። በለንደን ከወረርሽኙ ወዲህ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ከሰኞና ከዓርብ ይልቅ እንደሚጨናነቁ ከልምድ የሚያውቁት ነው፤ አሠሪዎ በሳምንት አንድ ቀን ሰዓት እንዲቀይሩ ወይም ከቤት እንዲሠሩ ቢፈቅድልዎ የትኛውን ቀን እንደሚመርጡ ከዚህ መወሰን ይችላሉ። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የተለመደው ማለት አማካይ ማለት ነው፣ አማካይ ደግሞ ተሳፋሪውን ያታልላል። በምሳሌ ላስረዳ። በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት አውቶብሶች ያልፋሉ እንበል፤ የመጀመሪያው 80 ሰው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው 20 ሰው ይዘዋል። የትራንስፖርት ድርጅቱ 120ን ለሦስት አካፍሎ «በአማካይ 40 ሰው፤ ምንም መጨናነቅ የለም» ይላል፤ ሒሳቡም ትክክል ነው። ከ120ዎቹ መንገደኞች መካከል ግን 80ዎቹ የተጓዙት በሞላው አውቶብስ ውስጥ ነው። እያንዳንዱን መንገደኛ «በገባህበት አውቶብስ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?» ብለን ጠይቀን አማካዩን ብንወስድ 60 እናገኛለን እንጂ 40 አናገኝም። መሣሪያው «መካከለኛ» ሲልዎት እርስዎ ግፊያ የሚያገኙት ስለዚህ ነው፤ ሰው የሚበዛው ሰው በበዛበት ውስጥ ነውና፣ እርስዎም ከብዙኃኑ አንዷ የመሆን ዕድልዎ ይሰፋል።

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ተከታትለው ከሚመጡት ውስጥ ባዶውን እንዴት እንለይ የሚል ነው። እዚህ ላይ ከማንኛውም መተግበሪያ ይልቅ የምተማመንበት መሣሪያ በመድረኩ ላይ የተሰቀለው የመጠበቂያ ሰሌዳ ነው። የቪክቶሪያ መስመር ከ2017 ጀምሮ ሰው በሚበዛበት ሰዓት በሰዓት እስከ 36 ባቡር ያስተናግዳል፤ ይህም በየ100 ሴኮንዱ አንድ ባቡር ማለት ነው። ባቡሮቹ ይህን ያህል ተቀራርበው ሲሄዱ አንድ ባቡር ከመካከል ቢጎድል ወይም ቢዘገይ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የሁለት ባቡር ሰው ይጠብቀዋል። ሰው ስለበዛበትም በየጣቢያው በሩን ለመዝጋት ይቸገራል፤ በሩን ለመዝጋት ስለተቸገረ የበለጠ ይዘገያል፤ ስለዘገየም በሚቀጥለው ጣቢያ የበለጠ ሰው ይጠብቀዋል። ከኋላው ያለው ባቡር ደግሞ ሰዉ ሁሉ በፊተኛው ስለተጠረገለት ቀለል ብሎት ይደርሳል። በአውቶብስ ላይ ይኸው ነገር የከፋ ነው፤ ሦስት አውቶብስ ተደራርቦ ሲመጣ የፊተኛው እስከ በሩ ሞልቶ የኋለኛው ባዶውን መሆኑን ያላየ ተሳፋሪ የለም።

ስለዚህ ሰሌዳው «4 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃ» ካለ፣ ማለትም ከረጅም ክፍተት በኋላ ሁለት ባቡር ተጠጋግቶ የሚመጣ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ይልቀቁትና ሁለተኛውን ይያዙ። በአንድ ደቂቃ የሚገዙት ትርፍ ነው። ሰሌዳው «1፣ 3፣ 5» ብሎ በእኩል ርቀት ካሳየ ግን መጠበቁ ብዙ አይጠቅምም፤ ሦስቱም ተመሳሳይ ይሆናሉ። ይህን ያህል ቀላል ነገር በቅጡ የሚያስረዳ መተግበሪያ አለመብዛቱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ ሁሉም የሚቸኩለው ቀድሞ የሚያደርስዎትን ባቡር ለመንገር ነው፣ ቀድሞ የሚያደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞላው ነው።

ፉርጎ በመምረጥ ረገድም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሲቲማፐር የተባለው፣ በዚሁ በለንደን የተጀመረው መተግበሪያ፣ ከባቡሩ በፊት፣ በመካከል ወይስ በኋላ መሳፈር እንደሚሻል ይነግራል። ብዙ ሰው ይህንን ምክር የመጨናነቅ ምክር አድርጎ ይወስደዋል፤ ስሕተት ነው። ምክሩ የሚያሳየው ሲወርዱ ለመውጫው ወይም ለመለዋወጫው መተላለፊያ የሚቀርበውን ቦታ ነው፤ መተግበሪያው ያላቸውም የሌላቸውም ተመላላሾች ይህንን ቦታ በልምድ ስለሚያውቁት ከሁሉ ቀድሞ የሚሞላው ያ ፉርጎ ነው። እንግዲህ እርስዎ መቀመጫ እንጂ ሁለት ደቂቃ ማትረፍ ስለማይፈልጉ ምክሩን ገልብጠው ይጠቀሙበት፦ «ከኋላ ይሳፈሩ» ካለዎት ወደ ፊት ይሂዱ። የቪክቶሪያ መስመር ባቡር ስምንት ፉርጎ ስላለው፣ ከመድረኩ መግቢያ እስከ ዳር መሄድ በእርግጥ ለታመመ ጉልበት ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ሃያ ደቂቃ ከመቆም ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

ስለ አውቶብስ ባጭሩ ልለፍ። በለንደን አውቶብስ ውስጥ ካርድ የሚነካው ሲገባ ብቻ ነው፤ ሲወርዱ አይነካም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ስንት ሰው እንደገባ እንጂ በዚህ ሰዓት ውስጡ ስንት ሰው እንዳለ ከካርዱ በቀጥታ ሊያውቅ አይችልም። በሲንጋፖር ግን ሒሳቡ በርቀት ስለሆነ ተሳፋሪው ሲገባም ሲወርድም ካርዱን ይነካል፤ ከገባው የወረደውን መቀነስ ብቻ ነው። በዚያ ከተማ የአውቶብስ መድረሻ ሰዓት የሚያሳዩ መተግበሪያዎች ከሰዓቱ ጋር ሦስት ቀለም የሚያሳዩት ከዚህ የተነሣ ነው፦ መቀመጫ ካለ አረንጓዴ፣ መቆሚያ ብቻ ካለ ብርቱካናማ፣ መቆሚያውም እያለቀ ከሆነ ቀይ። ለንደን ይህን የመሰለ መረጃ ያጣችው ቴክኖሎጂ ስለጎደላት ሳይሆን የአውቶብስ ዋጋዋ ለአጭርም ለረጅምም ጉዞ አንድ ስለሆነ ነው፤ ዋጋው አንድ ከሆነ ሲወርዱ ካርድ የሚያስነካ ምክንያት የለም። በ2014 በ141 ቁጥር አውቶብስ ላይ፣ በላይኛው ፎቅ ስንት ባዶ መቀመጫ እንዳለ በካሜራ ቆጥሮ ለታችኛው ፎቅ መንገደኛ የሚያሳይ ስክሪን ተሞክሮ ነበር። ደረጃ መውጣት ለሚያስቸግርዎ ለእርስዎ ግን ያም ብዙ አይረዳም።

«መጨናነቅ» የሚለው ቃል ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ሳንስማማ ስለ መለካቱ መናገርም ያስቸግራል። በዚህ ጃፓኖችን የሚያህል የለም። በመቶኛ የተሰጠ ደረጃ አላቸው፦ 100 ከመቶ ማለት ሁሉም ሰው ተቀምጦ ወይም ማንጠልጠያ አለዚያም የበር ምሰሶ ይዞ የሚሄድበት ነው፤ በ150 ከመቶ ጋዜጣ ዘርግቶ ማንበብ ይቻላል፤ በ180 ጋዜጣውን ማጠፍ ግድ ይሆናል፤ በ200 ሰውነት ከሰውነት ይጫናል፤ በ250 ባቡሩ ሲወዛወዝ ሰዉ አብሮ ይወዛወዛል እንጂ እጅ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ጋዜጣ የሚያነብ በጠፋበት ዘመን እንኳ መለኪያው ማንም ሰው በሰውነቱ የሚያውቀው ስለሆነ ግልጽ ነው። የምሥራቅ ጃፓን የባቡር ድርጅትም በቶክዮ ያማኖቴ መስመር ላይ የእያንዳንዱን ፉርጎ መጨናነቅ በመተግበሪያው ማሳየት የጀመረው በ2014 ነው። በሌላው ዓለም መተግበሪያዎቹ መረጃ የሚለዋወጡበት ጂቲኤፍኤስ የተባለው የጋራ ቋንቋ ደግሞ የመጨናነቁን መጠን የሚገልጸው በቃላት ነው፦ ብዙ መቀመጫ አለ፣ ጥቂት መቀመጫ አለ፣ መቆሚያ ብቻ፣ ተጨናንቆ መቆሚያ ብቻ፣ ሞልቷል፣ ሰው አይቀበልም። ለእርስዎ ዋጋ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ቆሞ መሄድ ለማይቸግረው ጎረቤትዎ «መቆሚያ አለ» የምሥራች ነው፤ ለእርስዎ ግን አይደለም፤ ስለዚህ ሌሎች ሰዎች «ይህ መተግበሪያ ጥሩ ነው» ሲሉዎት ከማን ጉልበት አንጻር እንደሆነ ይመልከቱ።

አሁን ወደ ራስዎ መንገድ እንምጣ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሁለት ነገር እሞክር ነበር። የመጀመሪያው ወደ ኋላ ሄዶ መሳፈር ነው፤ አዲስ አበባም ሰው መነሻው ድረስ ወደ ኋላ ሄዶ ቦታ እንደሚይዝ ያውቃሉ። ከሰቨን ሲስተርስ ሦስት ጣቢያ ወደ ሰሜን ተጉዘው ዋልተምስቶ ሴንትራል ላይ፣ መስመሩ ከሚጀምርበት፣ መቀመጫ ይዘው ይመለሱ። ከበር ሳይወጡ ስለሚመለሱና ሁለቱም ጣቢያዎች በዞን 3 ውስጥ ስለሆኑ በዋጋው ላይ የሚጨምረው የለም፤ የሚያስከፍልዎ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። በጠዋት በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደው ባቡር ቀለል ያለ ስለሆነ ሲሄዱም ይቀመጣሉ። ድክመቱ ኪንግስ ክሮስ ላይ ወደ ኖርዘርን መስመር ሲለወጡ እንደገና አምስት ጣቢያ መቆም ሊያጋጥምዎ መቻሉ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ይህንን ያስቀራል። ከሰቨን ሲስተርስ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ፊንስበሪ ፓርክ ነው፤ እዚያ ወርደው ወደ ለንደን ብሪጅ በቀጥታ የሚሄደውን ቴምስሊንክ ይያዙ። በቪክቶሪያ መስመር ላይ የሚቆሙት አንድ ጣቢያ ብቻ ይሆናል። ይህ ባቡር እንደ ቲዩብ፣ ማለትም እንደ ለንደን የምድር ውስጥ ባቡር፣ ቶሎ ቶሎ አይመጣም፣ ከከተማ ውጭ ስለሚነሣም ሰው ይዞ ይደርሳል፤ ነገር ግን አሥራ ሁለት ፉርጎ ሲሆን ርዝመቱ ከ240 ሜትር በላይ ነው፣ በዚህ ርዝመት ውስጥ ሰው እኩል አይከፋፈልም። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ሰሌዳ ያለው በዚህ ባቡር ውስጥ ነው፤ ከገቡ በኋላ የትኛው ፉርጎ ቀለል እንዳለ አይተው፣ ፉርጎዎቹ በመካከላቸው በር ስለሌላቸው፣ በውስጥ በኩል መሄድ ይችላሉ። አንድ ሳምንት ሰሌዳውን ቢከታተሉ ከዚያ በኋላ ሰሌዳውም አያስፈልግዎትም፤ በሰባት ሰዓት ተኩሉ ባቡር የትኛው ፉርጎ እንደሚቀልል በቃልዎ ያውቁታል። ሒሳቡ በቲዩብ ብቻ ከመሄድ ሊለይ ስለሚችል ግን አስቀድመው ይመልከቱ።

ሰዓት መቀየር የሚችሉ ከሆነ ደግሞ፣ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 6:30 በፊትና ከ9:30 በኋላ የቲዩብ ዋጋ እንደሚቀንስ አይርሱ። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ መረጃም ባትሪም የማያስፈልገው መሣሪያ አለ፦ ቲኤፍኤል ከ2017 ጀምሮ የሚሰጠው፣ መቀመጫ እንዲሰጥዎ የሚጠይቅ ጽሑፍ ያለበት ሰማያዊ ባጅ። በነፃ ይገኛል፣ የሐኪም ወረቀትም አይጠየቅበትም። እንደ ብዙዎቻችን «አፍሬ» ብለው ካልተዉት፣ ከሁሉም መተግበሪያ ይልቅ መቀመጫ የሚያስገኝልዎ እሱ ነው።

የወንድምዎ ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደውና የሚጥመው ነው። የለንደኑን መሣሪያ ወስዶ አዲስ አበባ ላይ ቢያስቀምጡት አይሠራም፤ ኢንተርኔት ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም። ሚኒባስ ታክሲ በጠዋት ሳይሞላ ከተራው አይነሣም። 12 መቀመጫው እስኪሞላ ወያላው ይጣራል፣ ከሞላም በኋላ ትርፍ ሊጭን ይችላል፤ ስለዚህ «የትኛው ታክሲ ባዶ ነው?» የሚለው ጥያቄ በዚያ ትርጉም የለውም፣ ሁሉም ሙሉ ነውና። በለንደን መጨናነቁ ያለው በፉርጎው ውስጥ ነው፤ በአዲስ አበባ ያለው በሰልፉ ላይ ነው። የሚለካውም ነገር አብሮ መለወጥ አለበት፦ የተሳፋሪ ብዛት ሳይሆን የመጠበቂያ ደቂቃ።

ይህ ደግሞ ከሚመስለው በላይ ቀላል ሒሳብ ነው። በሰልፉ ላይ 120 ሰው ቢኖርና ታክሲ በየሦስት ደቂቃው አንድ ቢመጣ፣ አሥር ታክሲ ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ሰው ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል። ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የተፈለገው፣ የሰልፉ ርዝመትና የታክሲው አመጣጥ። ሁለቱንም በየጠዋቱ ቆሞ የሚያይ ሰው አስቀድሞ አለ፤ ተራ አስከባሪው ነው። ካርድ፣ በር፣ የአየር ከረጢት በሌለበት ከተማ ከእሱ የተሻለ ሴንሰር አላውቅም። አያት፣ መገናኛ፣ ሜክሲኮና ሳሪስ ላይ ያሉ ተራ አስከባሪዎች በየሩብ ሰዓቱ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በቴሌግራም ቢልኩ፣ በሁለት ወር ውስጥ ከየትኛው ቀን በየትኛው ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይወጣል። የሚያስቸግረው ቁጥሩን ማግኘት ሳይሆን በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚልከው ሰው ማግኘት ነው፤ ለድካሙ የሚከፈለው ነገር ከሌለ በሦስተኛው ሳምንት ይተወዋል፣ አይፈረድበትምም። ሌላም እንከን አለ፤ መንገዱ ላይ አቆራርጦ የሚጭን ታክሲ በዚህ ቆጠራ እንደ ሙሉ ጉዞ ስለሚቆጠር፣ ሠንጠረዡ «ሩብ ሰዓት» ያለው ተሳፋሪ መገናኛ ላይ ወርዶ ሁለተኛ ሰልፍ ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ ታክሲው መምጣቱ ብቻ ሳይሆን ታፔላው እስከሚለው ድረስ መሄዱም መመዝገብ ይኖርበታል።

ወንድምዎ ሠንጠረዡ እስኪወጣ መጠበቅም አያስፈልገው ይሆናል። የሚኖርበት አያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው የከተማው ቀላል ባቡር መነሻ ነው፤ እርስዎ ዋልተምስቶ ድረስ ወደ ኋላ ተጉዘው የሚገዙትን መቀመጫ እሱ ከደጃፉ ያገኘዋል። ሥራው በመስመሩ ላይ ከሆነ ባቡሩን፣ ካልሆነም ለሁለት ሳምንት ያህል ከቤት የወጣበትን፣ ሰልፍ የያዘበትንና ታክሲ የገባበትን ሰዓት በስልኩ ይመዝግብ። ለምሳሌ ከጠዋቱ 12:15 ሰልፍ ሲይዝና 12:30 ሲይዝ የሚጠብቀው በስንት ደቂቃ እንደሚለያይ በራሱ ቁጥር ያየዋል፤ መዝገቡን ቢልክልኝ ሒሳቡን አብሬው እሠራለሁ።